የ600 ሚሊ ሊትር ጉዳይ፦ በበረሃ የብስክሌት ጉዞ የገላ ንጽሕና ያስከፈለንና ያተረፈልን

ዳራ

ሦስት ሆነን ነው የወጣነው። አንደኛው ሃምሳዎቹን የተሻገሩ፣ ረጅም መንገድ በብስክሌት መጓዝን የለመዱ አንጋፋ ናቸው። ሁለተኛዋ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለች ጠንካራ ብስክሌተኛ ናት፤ በረሃ ውስጥ ስታድር ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ዕቅዳችን 440 ኪሎ ሜትር የጠጠርና የአሸዋ መንገድ በ8 ቀን መጨረስ፣ ሌሊቱን ደግሞ በድንኳን ማደር ነበር።

ወቅቱን አስበን የመረጥነው ነው። ቀን ሙቀቱ ወደ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል 8 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል። የሚያሰክር ሙቀት አልነበረም። ነፋሱና ደረቁ አየር ግን ላቡ ሳይታይ እንዲተን ስለሚያደርጉ፣ ሰው አልቦኛል ሳይል ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲያጣ ይውላል።

ውሃ የሚገኘው በየ110 ኪሎ ሜትሩ፣ ማለትም በየሁለት ቀኑ ጉዞ፣ ባለ ጉድጓድ ብቻ ነበር። እያንዳንዳችን 15 ሊትር ጫንን፤ 15 ሊትር ማለት 15 ኪሎ ነው። ከመነሳታችን በፊት በወረቀት ላይ ስናካፍለው ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ለመጠጥ፣ 1 ሊትር ለምግብ መደብን፤ ለክፉ ቀን ደግሞ 3 ሊትር አስቀረን። ወረቀቱ አሁንም እጄ ላይ አለ። «ለገላ» የሚል መስመር የለውም። ረስተነው አይደለም፤ ተነጋግረንበት «በበረሃ ገላ አይታሰብም» ብለን የተውነው ነው።

ችግሩ

በመጀመሪያው ቀን ማታ ማናችንም ልብስ አልቀየርንም። ቀኑን የጋለብንበትን ስፖንጅ ያለው ቁምጣ እንደለበስን እራት በላን፣ እንደለበስነውም ተኛን። በሁለተኛው ቀን ማታ ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ጨልሞ ነበር። ጀሪካኖቹን ሞላን፣ ሻይ አፈላንና ተኛን። ከጉድጓዱ እስከ ድንኳናችን መቶ እርምጃ አይሞላም ነበር፤ እንደ ልባችን ልንታጠብበት የምንችለው ውሃ አጠገባችን እያለ ሳንታጠብ አደርን። ይህን የምጽፈው ጥፋቱን ሁሉ በውሃ እጥረት ማላከክ ትክክል ስለማይሆን ነው። ድካም ነበር፣ ጨለማ ነበር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መታጠብን ከጉዞው ሥራ አንዱ አድርገን አለመቁጠራችን ነበር።

በሦስተኛው ቀን 22 ኪሎ ሜትር እንደሄድን ወጣቷ ብስክሌቷን አቁማ ወረደች። ፊቷ ተለዋውጧል። መጀመሪያ ጎማ የተነፈሰ መስሎኝ ነበር። አንጋፋው ቀረብ ብለው «ልጄ፣ ምን ሆነሻል?» ሲሏት ትንሽ ዝም አለችና «ጋሼ፣ መቀመጥ አልቻልኩም» አለች።

ቆይታ እንደነገረችን፣ ብሽሽቷ አካባቢ መላላጥ የጀመረው በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። በሁለተኛው ቀን ጥቃቅን ሽፍታ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንደኛው የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ ሲነኩት የሚያቃጥል ብጉንጅ ሆኖ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ያለችው አፍራ ነው። ከሁለት ወንዶች ጋር የምትጓዝ ወጣት ሴት ስለ ብሽሽቷ በምን ቃል ትጀምረው? እኛም አልጠየቅናትም።

በዚያው ሌሊት አንጋፋውን ሆዳቸው አወካቸው፤ እስኪነጋ አራት ጊዜ ወጡ። እኔ በአንጻሩ ደህና ነበርኩ፤ ከንፈሬ ከመሰንጠቁና ጠዋት ጠዋት አፍንጫዬ ከመድማቱ በቀር።

ያመጣው ምንድን ነው

የተቀመጥንበት ቀን ረጅም ስለነበር ነገሩን ቁጭ ብለን አሰብንበት። የኮርቻ ቁስል ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ይመጣል፦ ፍትጊያ፣ እርጥበትና ባክቴሪያ። ኮርቻው ሰዓታት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ይፈትጋል። ስፖንጁ ላብ ይይዛል። በላብ የራሰ ቆዳ ደግሞ ይለሰልሳል፣ ቶሎ ይላጣል። በተላጠው ቆዳ ወይም በጸጉር ቀዳዳ ባክቴሪያ ሲገባ ሽፍታው ይመግላል።

በረሃው በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨምራል፤ ጨውና አቧራ። ላብ ሲተን ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ግን ቆዳ ላይ ይቀራል። የወጣቷን ቁምጣ ገልብጠን ስናየው ስፖንጁ ዳርና ዳሩ ላይ ነጭ ካርታ ሥሎ ነበር፤ በጣት ሲዳስሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ገላዋ ላይ የነበረው እሱ ነው።

የአንጋፋውን ሕመም ምንጭ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ የጠረጠርነው ግን የለውዙን ከረጢት ነው። መንገድ ላይ ስንቆም ሦስታችንም እጃችንን የምንከተው አንድ ከረጢት ውስጥ ነበር። ያው እጅ ሰንሰለት ያስተካክላል፣ ጎማ ይለጥፋል፣ ከሶፍት በኋላ በሳኒታይዘር ብቻ ይታሻል። ሳኒታይዘር ንጹሕ በሚመስል እጅ ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ቅባትና አቧራ የለበሰ እጅ ላይ ግን ሥራው ይዳከማል። እንዲህ ያለውን እጅ የሚያጠራው ሳሙናና ውሃ ነው።

የተቀመጥንበት ቀን ተኩል

መጀመሪያ ያደረግነው ድንበር ማስመር ነው። ወጣቷ በትንሽ መስታወት እያየች በብጉንጁ ዙሪያ ያለውን ቅላት በእስክሪብቶ ከበበችው። ቅላቱ ከመስመሩ ካለፈ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ከቁስሉ ተነስቶ የሚሄድ ቀይ መስመር ከታየ ጉዞው እዚያው እንዲያበቃና ሕክምና ወዳለበት እንድንወስዳት ተስማማን። ይህን አስቀድሞ መወሰኑ ጠቅሞናል። ሕመም ላይ ያለ ሰው «ትንሽ ልታገስ» ማለቱ አይቀርም፤ መስመሩ ግን አይለማመጥም።

ሕክምናው ቀላል ነበር። በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ፣ በሳሙና ታጠበችው። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በቀን አራት ጊዜ ለ15 ደቂቃ ያህል ታስይዘዋለች። ማፍረጥ ክልክል ነው ተባባልን። ከዚያ ውጪ ቦታው ነፋስ እንዲያገኝ ሰፊ የጥጥ ልብስ ለብሳ ጥላ ውስጥ ተኛች። አንጋፋው ኦአርኤስ (ከሰውነት የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በሊትር ውሃ በጥብጠው ቀስ እያሉ ጠጡ፤ በማግስቱ ከሰዓት ሆዳቸው ረጋ።

ውሃው ግን ለዚህ አልተሰላም ነበር። ብስክሌቴን አራግፌ፣ ባዶ ጀሪካኖች ጭኜ 22 ኪሎ ሜትር ወደ ጉድጓዱ ተመለስኩና 30 ሊትር ይዤ መጣሁ። አሸዋው በበዛበት ቦታ እየገፋሁ ነበር። ያን ዕለት ስገፋ ነው ሒሳቡ የገባኝ። ለሁለት ሌሊት ሳንታጠብ «ያተረፍነው» ውሃ፣ ኋላ ለገላ በመደብነው ልክ ለሰው በሌሊት 600 ሚሊ ሊትር ብንቆጥረው፣ ለሦስታችን 3.6 ሊትር ነው። ጥላ ሥር ተቀምጠን ያጠፋነው ቀን ተኩል ደግሞ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ወደ 22 ሊትር በላ፤ እኔ በመመለሱ ጉዞ የጠጣሁት ሳይጨመር።

አዲሱ ሥርዓት

600 ሚሊ ሊትር የሚለው ቁጥር የመጣው ከሙከራ ነው። በዚያ የዕረፍት ቀን አንጋፋው ከአንድ የውሃ ጠርሙስ ክዳን ላይ በእሳት በጋለ መርፌ ሦስት ቀዳዳ በሱ። ጠርሙሱ ሲጨመቅ ክር የመሰለ ውሃ ይወጣል፤ ሲለቁት ይቆማል። በኩባያ ሲያፈሱ ከግማሽ በላይ አሸዋ የሚጠጣው ውሃ፣ በዚህ ክዳን ሁሉም ቆዳ ላይ ያርፋል። በመጀመሪያ አንድ ሊትር ሞከርን፣ ቀጥሎ 800፣ በመጨረሻ 600 ላይ ረጋን። ከዚያ በታች ሲሆን ሳሙናው በደንብ አይለቅም፤ ቆዳ ላይ የቀረ ሳሙና ደግሞ በራሱ ያሳክካል።

ሰዓቱ ከመጠኑ ይበልጣል የሚል እምነት አለኝ። ደንባችን ከብስክሌት በወረድን በ15 ደቂቃ ውስጥ፣ ድንኳን ሳይተከል፣ ሻይ ሳይፈላ መታጠብ ሆነ። በዚያ ሰዓት ገላው ገና ሞቃት ነው፣ ፀሐይ አለች፣ ላቡ ገና ወደ ጨው ቅርፊት አልተለወጠም። አንድ ጊዜ ከተቀመጡ በኋላ፣ በተለይ ከጨለመና ብርዱ ከወረደ በኋላ፣ ማንም ልብሱን አውልቆ አይታጠብም። እኛ በጉድጓዱ ዳር ያደረግነው እሱን ነበር። ስለዚህ የቀኑን ጉዞ ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ቀደም ብለን እንጨርስ ጀመር።

ሁለት ጨርቅ ያዝን፤ ነጩ ከወገብ በላይ፣ ሰማያዊው ከወገብ በታች። ቅደም ተከተሉ ፊት፣ አንገት፣ ብብት፣ ከዚያ ብሽሽትና መቀመጫ፣ መጨረሻ እግር። ሳሙና ለብብት፣ ለብሽሽትና ለእግር ብቻ። ከ600ው ወደ 250 የሚሆነው ለብሽሽትና ለመቀመጫ ይሄዳል፣ 150 ለእግር፣ የቀረው ለላይኛው አካል። ክንድ፣ ጭንና ባት ላይ ያለውን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ማራገፍ ይበቃል፤ አቧራ ብቻውን ማንንም አላቆሰለም። ከታጠቡ በኋላ ለሁለት ደቂቃ ያህል በነፋስ መድረቅ ግዴታ ነው። በረሃው ከሚሰጠው ጥቂት ምቾት አንዱ ይህ ደረቅ ነፋስ ነውና ልንጠቀምበት ይገባል።

ለመሸፈኛ ሁለት ብስክሌቶች አቁመን በመካከላቸው አንሶላ ወጠርን። ትንሽ ነገር ይመስላል። ወጣቷ ግን ኋላ ላይ ከሁሉ የጠቀማት እሱ እንደሆነ ነግራናለች፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ዛፍ በሌለበት ሜዳ የት ሄጄ ልታጠብ ብላ ማሰቡ ራሱ አድክሟት ነበር። የወር አበባዋም በጉዞው መሃል መጥቶ ስለነበር ለዚያ ቀን የሚሆን ተጨማሪ ግማሽ ሊትር ከጋራው ውሃ ያለ ጥያቄ እንዲወጣ ተስማማን።

ቁምጣ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ነበረን፤ ሁለተኛውን «ለመጨረሻዎቹ ቀናት» ብለን ሻንጣ ሥር ቀብረነው ነበር። አወጣነው። የዕለቱ ቁምጣ ማታ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ በ300 ሚሊ ሊትር ውሃና በጥቂት ሳሙና ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ በሌላ 300 ይለቀለቃል። የመለቅለቂያው ውሃ አይደፋም፤ ለነገው ማሻ ይቀመጣል። በማግስቱ ስፖንጁ ወደ ፀሐይ ተገልብጦ ከኋላ ጭነት ላይ ይታሰራል፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ደርቆ ይገኛል። ከቁምጣው ሥር የውስጥ ሱሪ መልበስም ቀረ፤ ስፌቱ ኮርቻና ቆዳ መሃል ገብቶ የሚፈትግ ነው።

ለእጅ ሌላ ጠርሙስ በብስክሌት መሪ ላይ ተዘቅዝቆ ተሰቀለ፤ ክዳኑ ሲላላ ውሃ ይንጠባጠባል፣ አጠገቡ በክር የታሰረ ሳሙና አለ። ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ ማለፊያ የለም። ለውዙን ከከረጢቱ ወደ መዳፍ ማፍሰስ ሆነ፣ እጅ መክተት ቀረ። የመታጠቢያው ውሃ ያልታከመ የጉድጓድ ውሃ ነበር፤ ለቁስልና ለጥርስ ግን የፈላውን እንጠቀማለን። እንዳናምታታቸው ያልታከመው ጠርሙስ አንገት ላይ ቀይ ፕላስተር ጠመጠምን።

መጸዳጃን በሚመለከት፣ ከውሃው ቦታና ከሰፈራችን ቢያንስ 60 ሜትር ርቀን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል እንቆፍራለን። ሶፍቱን ግን አንቀብርም። በደረቅ አፈር ውስጥ ወረቀት ቶሎ አይበሰብስም፣ ነፋስም ያወጣዋል። በድርብ ከረጢት ተቋጥሮ አብሮን ይጓዛል።

ሌሊቱ

ምቾት የምለው በአብዛኛው እንቅልፍን ነው። ጨው ያለበት ገላ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበት እየሳበ ይጣበቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ስንገላበጥ ያደርነው በዚህ ይመስለኛል። ከታጠብን በኋላ ለእንቅልፍ ብቻ የተለየ ልብስ ለበስን። ይህ ልብስ እሳት አጠገብ አይቀመጥም፣ ብስክሌት አይነካም። በመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ስስ አንሶላ ገባ፤ ከረጢቱን በረሃ ላይ ማጠብ አይቻልም፣ አንሶላው ግን ጠዋት ሲራገፍ ይበቃዋል።

ድንኳን የሚገባው ተቀምጦ ነው። እግር ውጪ ይቀራል፣ በሰማያዊው ጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ ይገባል። ጫማ ውጪ አይቀርም፤ ያደረ ጫማም ጠዋት ሳይራገፍ አይጠለቅም፣ ጊንጥ ሊገባበት ይችላልና። የእኔ አፍንጫ መድማቱን ያቆመው ከመተኛቴ በፊት በንጹሕ ጣት የምቀባው ስስ ቫዝሊን ነው።

ያልሠሩት

እርጥብ ሶፍት ይዘን ነበር። ፓኬቱ አንዴ ከተከፈተ በሁለት ቀን ደረቀ። ሽቶ ያለበት በመሆኑም ወጣቷን የተላጠው ቦታ ላይ ክፉኛ አቃጠላት። ጨውንም አያነሳም፣ ያዳርሰዋል እንጂ። ቆሻሻውን ደግሞ እስከ መጨረሻው ተሸከምነው።

የሕፃናት ፓውደር ለአንጋፋው ጣቶች ሠራ። ብሽሽት ላይ ግን ከላብ ጋር ተላቁጦ ጓጎለና ራሱ ፈታጊ ሆነ። ቫዝሊን ኮርቻ ለሚነካው ቦታ ፍትጊያ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አቧራ ይይዛል፣ ከስፖንጁም በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ አይለቅም። ሁለት ቀን ተጠቅመን ተውነው። በጥቁር ከረጢት ውሃ በፀሐይ አሙቆ መታጠብ በጣም ደስ ይላል፤ ግን ሳያስቡት ሁለት ሊትር ያልቃል። ጉድጓድ ዳር ባደርንባቸው ሌሊቶች ብቻ እንጠቀምበት ነበር።

የአንጋፋው ተረከዝ መሰንጠቅም አልተፈታም። በየቀኑ አጠቡት፣ ቀቡት፣ ካልሲ ቀየሩ፤ ስንጥቁ እስከ መጨረሻው ቀን አልዳነም። ደረቁ አየር ከቅባቱ በረታ።

ውጤቱ

ብጉንጁ በአራተኛው ቀን ሌሊት በራሱ ፈረጠ፤ ጠዋት ቅላቱ ከእስክሪብቶው መስመር ወደ ውስጥ ሸሽቶ ነበር። ታጥቦ፣ በማይጣበቅ የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ ተሸፈነ። የወጣቷን ጭነት ለሁለት ተካፈልን፣ የኮርቻዋን አፍንጫ ጥቂት ዝቅ አደረግን፣ በየአሥር ደቂቃው ፔዳል ላይ ቆማ መቀመጫዋን ታሳርፋለች። የቀረውን 88 ኪሎ ሜትር እስከ ሁለተኛው ጉድጓድ በሁለት ቀን ጨረስነው። ውሃው በእነዚያ ሁለት ቀናት በጣም ጠባብ ነበር፤ የመታጠቢያው 600 ግን አልተነካም። «ለሻይ እንውሰድለት» ብዬ የጠየቅኩ እኔ ነኝ፤ አንጋፋው እምቢ አሉ፣ ልክ ነበሩ።

ጉዞው በ8 ሳይሆን በ10 ቀን አለቀ። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በማናችንም ላይ አዲስ ቁስል አልወጣም፣ ሆዱን የታመመም አልነበረም። ሦስት ሰዎች በአንድ ጉዞ ያዩት ነው፤ ለሁሉም ገላ ይህ መጠን ይበቃል ማለት አልችልም። የበለጠ የሚያልበው ወይም ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው የራሱን ልክ ከጉዞው በፊት ቤቱ ሆኖ ይሞክር።

ወደ ሌላ ጉዞ የሚሻገረው

ከዚህ ጉዳይ ሌላ ተጓዥ ይጠቀምበታል የምለው ቀዳሚ ነገር፣ የመታጠቢያን ውሃ ከጅምሩ በተለየ ጠርሙስ መጫን ነው። በጋራው ጀሪካን ውስጥ ያለ ውሃ ሁልጊዜ ለመጠጥ ይታሰባል፤ ማንም ለገላው ብሎ ከዚያ ለመቅዳት ያፍራል። የተለየ ጠርሙስ ያለው ሰው ግን ፈቃድ አይጠይቅም። እርግጥ መንገድ ጠፍቶ ወይም ጉድጓድ ደርቆ ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ይህም ውሃ አፍልቶ የሚጠጣ ነው፤ እኛ ከዚያ አልደረስንም።

ሁለተኛው የምሽቱ ጥያቄ ነው። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ እራት ላይ አንጋፋው ሁለታችንንም ተራ በተራ «ዛሬ የት አቃጠላችሁ?» ይሉን ነበር። መጀመሪያ የራሳቸውን ይናገራሉ፤ ተረከዛቸውን፣ መቀመጫቸውን፣ ሆዳቸውን፣ ምንም ሳያፍሩ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲናገር ለሌላው መናገር ይቀልለታል። ወጣቷ በሰባተኛው ቀን ማታ «በስተግራ ትንሽ ጀምሮኛል» አለች፤ የዚያን ዕለት ሌሊት ታጥቦ ነፋስ አገኘ፣ ጠዋት የኮርቻዋ ከፍታ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ወረደ፣ ነገሩም እዚያው ቀረ። በመጀመሪያው ቀን ያው መላላጥ በዚያው ቦታ ነበር የጀመራት።

ያች ባለ ሦስት ቀዳዳ ክዳን አሁን ወጣቷ ዘንድ ናት። ባለፈው ሳገኛት ቀዳዳዎቹን አምስት እንዳደረገቻቸውና ጸጉሯን ለማጠብ እንደሚሻላት፣ ለብሽሽት ግን ሦስቱ ይበቁ እንደነበር ነግራኛለች። ለሚቀጥለው ጉዞ ሁለት ክዳን ልትይዝ አስባለች።